ከቀዬሽ አይንቀልሽ

የሳይንስ ተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የምለውን ሰምታችሁ «ይቺን ደግሞ ምን ነካት» እንዳትሉኝ ነው። በማይጨበጥ ነገር አላምንም። ማለቴ፣ አላምንም ነበር። አሁን ብትጠይቁኝ «ተዉኝ እስቲ» ነው የምላችሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ቀን የኮምቦልቻ ሙቀት አናት ይበሳ ነበር። ውጤቴን በአባቴ ስልክ አየሁት። ከክፍላችን ያለፍነው በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ ከነዚያም የኔ ይበልጥ ነበር። እየጮህኩ ወደ ጓዳ ስሮጥ እናቴ ምን አደረገች? መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ በሩን። ከዚያ አፌን በመዳፏ ያዘችና «ቀስ በይ ሆዴ፣ ግድግዳው ስስ ነው» አለችኝ። አገላብጣ ስማኝ፣ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ወጣችና ለጎረቤቶቻችን «አልሃምዱሊላህ፣ እንደ ነገሩ አልፋለች» ስትል ከውስጥ ሆኜ ሰማኋት። እንደ ነገሩ! ቆሽቴ አረረ። መብራት በጠፋ ቁጥር በስልክ ብርሃን ዓይኔን ያጠፋሁት እንደ ነገሩ ለመባል ነው?

«ዓይን አለ» አለችኝ ተመልሳ። «ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ዓይን ባለቤቱም ሳያውቅ ነው የሚወጋው።»

የፊዚክስ መምህራችን ግን ስለ ዓይን ደንታም አልነበራቸው። በማግስቱ አስጠርተውኝ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ሁለት መንገድ ሳሉልኝ። «አንደኛው ምደባ ነው» አሉ። «ዝም ብለሽ ብትቀመጪ እንኳ በዚህ ውጤት አንዱ ጋ ይመድቡሻል፤ ምናልባት እዚሁ ደሴ። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለው፣ በራሱ ፈተና የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲ ነው። እነሱ ጥሩ ውጤት ያለውን ሁሉ አይወስዱም፤ ከጥሩው ላይ ነው የሚለቅሙት። ዕድልሽ ሰፊ ነው። ግን ገና በሩ ላይ ነሽ።»

ደሴ መጥፎ ሆኖብኝ አይደለም። እኔ የፈለግኩት የሕክምና መሣሪያ ምህንድስና ነው፤ እሱን ደግሞ እንደዚያኛው ቤት የሚያስተምር የለም ብለውኛል። ከጦርነቱ በኋላ ሆስፒታል ወረፋ ይዘን ስንቀመጥ አንሶላ የተከናነበ ማሽን አየሁ። «ተበላሽቷል» አሉን። በየዓመቱ ስንሄድ አንሶላው እንዳለ ነው። እኔ እንግዲህ ያንን አንሶላ የሚገልጥ ሰው ልሆን ነበር የፈለግኩት። ሌላ ሕልም አልነበረኝም፤ ለሌላ ሕልም ቦታም አልተውኩም።

እናቴ ለቀረው ፈተና ወዳጃ ላስደርግ አለች። ወዳጃ እኛ ዘንድ ምስጋና ወይም ጭንቀት ያለበት ሰው ጎረቤት ሰብስቦ ዱአ የሚያስደርግበት ነው፤ የሴቶቹን ወዳጃ ዱበርቲ የምንላቸው ትልልቅ እናቶች ይመሩታል። አባቴ ነገሩን አይወደውም። «በዲናችን የለም» ይላል፤ የዚያን ቀንም ጫማውን አጥልቆ መስጊድ ሊውል ወጣ። እናቴ «እናቴም አያቴም ያደረጉትን ነው የማደርገው» ብላ ከቦሩ ሜዳ አንዲት ዱበርቲ አስመጣች።

የቦሩዋ እማማ ይሏቸዋል። ትንሽዬ ሴትዮ ናቸው፤ እጃቸው ላይ የወንድ ሰዓት አስረዋል፤ እሱን በየመሀሉ ጆሯቸው ላይ ያስጠጉታል። ዱአቸው መሬት አይወድቅም ይባላል። ለአንድ ሰው በዕድሜው አንድ ምርቃት ብቻ ነው የሚሰጡት፤ እሱም ይይዛል። ለአንድ ነጋዴ «ከደጅህ ሰው አይጥፋ» ብለውት ሱቁ ገበያተኛ በገበያተኛ ሆነ አሉ። በኋላ ተፈናቃዩ ሁሉ እሱ ደጅ ላይ ሰፈረ። ተፈናቃዩ ሲሄድ ለቅሶ ደራሽ መጣ፤ አንዱ ለቅሶ ሳይነሳ ሌላው ይተካል። እንቅልፍ ላጣች ሴት «እንቅልፍሽን ያጣፍጠው» ብለዋት፣ ዛሬ ልጇ ጆሮዋ ሥር ቢያለቅስ አትነቃም። እኔ ይሄን ሁሉ ስሰማ ሳቄ ነበር የሚመጣው።

ቤታችን በሴት ሞልቶ፣ ዱአው ሞቆ፣ ተራ በተራ ሲመርቁ ቆይተው እኔ ላይ ደረሱ።

«የማናት?» አሉ።

«የኔ ናት፣ እማማ። ትምህርት ላይ ናት። ይመርቁልኝ» አለች እናቴ። በቃ። የት መሄድ እንደምፈልግ አልነገረቻቸውም። ያ ሁሉ ሴት ባለበት «ልጄ አዲስ አበባ፣ ተመርጦ የሚገባበት ቤት ልትገባ ነው» ማለት እናቴ አፍ ውስጥ የሚዞር ቃል አይደለም።

እማማ መዳፋቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። ከበደኝ። ያቺን ለምታህል ሴትዮ እጅ የማይሆን ክብደት ነበረው፤ አንገቴ ወደ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

«ከቀዬሽ አይንቀልሽ» አሉ።

«አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ። እኔም አልኩ። አፌ ስለለመደ ነው፤ ምርቃት ሲሰማ ሳያስብ ይላል። ቀና ስል እናቴን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ አፏም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሁሉ ሰው አሚን ያላለችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሰው ከሄደ በኋላ «ምን ሆንሽ? ደግ ምርቃት ነው እኮ» አልኳት።

«ደግ ነው» አለች ምንጣፉን እያጠፈች። «ለሚቀር ሰው ደግ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቃሉ ይከተለኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር በአገራችን የተለመደ ምርቃት ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። ግን ለኔ ከዚያ በፊት ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አላስታውስም። መስጊዱ በር ላይ ለሚቀመጡት ዓይነ ስውር ሳንቲም ስሰጥ «ከቀዬሽ አይንቀልሽ» አሉኝ። ለአንዲት ሴትዮ ዕቃ ሳሻግር ያንኑ። ባጃጅ ነጂው መልስ ተውኩለትና ዞር ብሎ ያንኑ፤ ያውም የኔ እኩያ ነው፣ ምርቃት ምን አውቆ። ሁሉም ሲሉት ድምፃቸው ዝግ ይላል፤ ተኝቶ የሚናገር ሰው ይመስላሉ። ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ለዩኒቨርሲቲው ፈተና የምመዘገበው በኢንተርኔት፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ስም የተዘረዘረበት ገጽ ላይ ነበር። ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ያላት ሴት አጠገብ ተቀምጬ ሞላሁ። የአዲስ አበባውን መርጬ ስልከው፣ ገጹ ተመልሶ ሲመጣ ቦታው ላይ የደሴው ተመርጦ ይጠብቀኛል። አስተካክዬ ላኩ። ደሴ። እንደገና፤ ደሴ። ሴትዮዋ «ኔትወርክ ነው» አለች፣ ማስቲካዋን እያኘከች። ኔትወርክ መቆራረጥ ያውቃል እንጂ አገር መምረጥ ያውቃል እንዴ? አመሻሽ ላይ በመጨረሻ አለፈልኝ። ስወጣ አንገቴ ዝሎ ነበር፤ ልክ የእማማ እጅ አሁንም አናቴ ላይ እንዳለ።

ፈተናው የሚሰጠው ደሴ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው፤ የዘወትር መንገዳችን ነው፤ ሰው ለቁርስ ወጥቶ ለምሳ ይመለሳል። የፈተናው ጠዋት ኮምቦልቻ ጥርት ያለ ፀሐይ ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ጉሙ መጣ። ሐረጎ ላይ ጉም ብርቅ አይደለም፤ ይሄኛው ግን ነጭ ግድግዳ ሆኖ መንገዱ ላይ ቆመ። ሚኒባሷ እየተንፏቀቀች ትንሽ ሄደችና ሞተሯ ጠፋ። ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ እህ ትላለች እንጂ አትነሳም። ወረድኩና ሌላ መኪና ለመንኩ። እሱም ትንሽ ወስዶኝ ቆመ። ከፊት አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። በእግሬ ልለፍ ብዬ ብሄድ የማየው የገዛ ጫማዬን ብቻ ነው። ገደሉ በየት በኩል እንዳለ እንኳ ማወቅ አልቻልኩም። ድምፅ የሚባል ነገር ጠፋ። ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ሰው ከኋላዬ ቆሞ አንድም የሚያስል የለም።

ቆምኩ። ማልቀስም ጀመርኩ፤ በንዴት ነው ያለቀስኩት። አጠገቤ፣ በጉሙ ውስጥ፣ አንዲት ሴት «ምነው ልጄ?» አለችኝ። ፊቷ አይታየኝም።

«ፈተና አለብኝ። እያመለጠኝ ነው።»

«አይዞሽ። ሳይደግስ አይጣላም» አለች። ከዚያ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ከቀዬሽ አይንቀልሽ» አለችኝ።

ሮጥኩ። ወደ ታች። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። መጀመሪያ ያመጣችኝ ሚኒባስ ፊቷን ወደ ኮምቦልቻ አዙራ ቆማ ነበር። ገብቼ ስቀመጥ ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ሾፌሩ ራሱ ደንግጦ በመስተዋቱ አየኝ። ትንሽ ወረድ እንዳልን ፀሐይ ሆነ፤ ሰዎች ሽንኩርት ሲጭኑ፣ ተማሪዎች ሲሣሣቁ። ቤት ስደርስ ፈተናው ተጀምሯል።

መምህራችን ደውለው ደውለው አንዲት ቀጭን ተስፋ አገኙልኝ። በመንገድ ምክንያት ለቀሩ ተማሪዎች ሌላ ቀን ይሰጣል። «ይህቺ የመጨረሻዋ ናት» አሉኝ። «እሷ ካመለጠችሽ ምደባሽን ትጠብቂያለሽ። እኔ ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም።»

አባቴ «ጉም ነው፤ ጉም ሁልጊዜ አለ። ልጅቷን አታስጨንቂያት» አላት እናቴን። እኔም በልቤ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን እናቴ ሻርፗን አድርጋ «ተነሺ፣ ቦሩ ሜዳ እንሄዳለን። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ስትለኝ ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ፈርቼ ነበር፤ በግልጽ ልንገራችሁ፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

መንገዱ ቅቤ ሆነልን። ሐረጎ ላይ የጉም ዘር የለም። ደሴ ገብተን ሌላ ሚኒባስ ይዘን ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ረፋድ ነበር። የእማማ ቤት ከሆስፒታሉ ወረድ ብሎ፣ ከባቄላ ማሳ ጥግ ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሰላምታ ሰጠን። አዩኝ፣ አዩኝና፣

«የቷ ነሽ?» አሉ።

አላስታወሱኝም። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። ቃላቸው ያን ያህል ቀን እግር እግሬን ሲከተለኝ፣ እሳቸው ረስተውኛል።

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቺ ልጅ ልትሄድ ትፈልጋለች። ሰው ፈርቼ ሳልነግርዎ ቀረሁ።»

«ሳትነግሪኝ ምን ልመርቅ ኖሯል? እናት ልጇ እንዳትርቃት ነው የምትሻው ብዬ ነዋ።»

«ያንሱልኝ።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ። «እርግማን ቢሆን ይቅር፣ አውፍ በመባባል ይነሳል። ምርቃት ያነሳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ተቀብላችሁ አሚን ብላችኋል።»

«እኔ አሚን አላልኩም።»

እማማ መፈልፈላቸውን አቆሙ። እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋት ያኔ ይመስለኛል።

«ተሸካሚ ካገኘ ይዞራል» አሉ በመጨረሻ።

«ለኔ ያዙሩት» አለች እናቴ፣ ገና ቃላቸው ሳያልቅ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛልም ያንገበግበኛልም፤ እኔ የሳቅኩት እዚያ ላይ ነው። ጭንቀቴ ቅልል ሲለኝ ጊዜ አፌ ተፈታ። «እማ፣ አንቺ ደሞ የት ልትሄጂ? ከኮምቦልቻና ከደሴ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እሱማ ነው» አለች። «ምን ይቀርብኛል።»

እማማ እጃቸውን ከባቄላው አራግፈው አናቴን ዳበሱና መዳፋቸውን ሳያነሱ፣ ፀጉሬ ላይ እየጎተቱ፣ ወደ እናቴ አሻገሩት። ያንኑ ቃል ነው ያሏት። እናቴ «አሚን» አለች፤ ብቻዋን። አናቴ ቀለለኝ ብል ውሸት ነው፤ ምንም አልተሰማኝም። እናቴ ግን ስትነሳ በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ ነው የተነሳችው።

በሩ ላይ ስንደርስ እማማ ከኋላችን «ቤትሽ ገብተሽ ስትቀመጪ ይይዝሻል» አሏት። «እሺ፣ እማማ» አለች፣ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደተነገራት።

የዚያን ቀን ከሰዓት እናቴ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ደሴ ስንደርስ ቶሎ ወደ ኮምቦልቻ እንግባ፣ ላጥና ብል አልሰማ አለችኝ። ፒያሳን ከላይ እስከታች ወሰደችኝ። የማትገዛውን ጨርቅ በየሱቁ እያስወረደች ዳበሰች። ኬክ ቤት ገብተን፣ እናቴ በሕይወቷ ኬክ ቤት ተቀምጣ አይቼ አላውቅም፣ የኬኩን ክሬም በማንኪያ ጫፍ እየቀመሰች በመስኮት አላፊ አግዳሚውን ታይ ነበር። ከዚያ ሆጤ ሰፈር፣ እህቷ ቤት። አክስቴ «ዛሬ ምን ጥሎሽ ነው?» ብላ ሣቀች። እናቴ የአክስቴን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛው ተቀመጠች፤ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አንዲት ጥቁር ላም አወሩ። እኔ ሰዓት እያየሁ «እማ፣ እንሂድ በናትሽ» እላለሁ። «ትንሽ» ትለኛለች። «ትንሽ፣ ሆዴ።»

ሐረጎ ላይ ሾፌሩን አስቆመችው። «ልየው ብዬ ነው» አለችው። ወርዳ ጠርዙ ላይ ቆመች። ቁልቁል የቦርከና ሸለቆ፣ ኮምቦልቻ ከነፋብሪካዋ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ከሰማይ ጋር የሚገናኝበት ይታያል። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እኔም አፈርኩባት። ቤታችን ስንደርስ ደግሞ አጥሩ ሥር ቆመች። «ግቢ እንጂ» አልኳት። ቢስሚላህ ብላ ገባች። መደቡ ላይ ስትቀመጥ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ወዲያው ተነስታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ልትሰናበት ነበር የወጣችው። እኔ ያኔ የታየኝ ኬክ የበላች እናት ነች።

የሁለተኛው ፈተና ቀን ሐረጎ ላይ ደመናም አልነበረም። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ጥያቄዎቹ የማውቃቸው ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። በየመንገዱም ያንን ምርቃት የሚለኝ ጠፋ። ውጤቱ ሲመጣ ስሜ ከተመረጡት ውስጥ አለ፤ ያውም በፈለግኩት ትምህርት። ይሄን ጊዜ እናቴ መስኮቱን አልዘጋችም። በሩን በርግዳ፣ ሰፈሩ እስኪናወጥ እልል አለች። «አዲስ አበባ ልትሄድልኝ ነው!» እያለች ለአላፊው ሁሉ ትናገራለች። «ዓይኑስ?» ብላት፣ «አሁን ምን ያደርግሻል» አለችኝ።

አባቴና እናቴ አብረው ሊያደርሱኝ ነበር የተባለው። እናቴ ጠዋት ለብሳ፣ ስንቁን ይዛ ወጣች። የሰፈራችን ኮብልስቶን አልቆ አስፋልቱ የሚጀምርበት ላይ ቦርሳዬን አቀበለችኝ። «አባትሽ ይበቃሻል፣ ቤቱን ለማን እተዋለሁ» አለች። ቅር አለኝ፤ አኮረፍኩም። ባጃጁ ሲነሳ ዞር ስል እዚያው ናት፤ ጫፉ ላይ፣ ጣቶቿን ከድንጋዩ ሳታሳልፍ።

በስልክ ሁልጊዜ ደህና ናት። አባቴ ግን አንዳንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግረኝ ነበር። ገበያ ጎረቤት ትልካለች። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰርግ ላይ አልተገኘችም። «እግሬን አመመኝ ትላለች፤ ሐኪም እዚህ ድረስ አምጥቼ ምንም የለባትም አለኝ» ይላል። ያ በዲናችን የለም የሚለው አባቴ አንድ ቀን «ምንድን ነው ያደረጋችሁት እዚያ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለእረፍት መጥቼ ቤት እያለሁ ነው አክስቴ የሞተችው። ጠዋት ተደወለ፤ ታማ አልነበረም፤ ቁርስ ልታቀርብ ብላ ወደቀች አሉ። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። እናቴ ደረቷን እየመታች፣ ሻርፗ እየተጎተተ ወጣች። እኔ ባጃጅ ይዤ አስፋልቱ ላይ ጠበቅኋት። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ነይ ግቢ» አልኳት።

አንድ እግሯን አነሳች። እግሯ አየር ላይ ተንቀጠቀጠና እዚያው ቦታ ተመልሶ ዐረፈ። እንደገና ሞከረች። ላቧ በግንባሯ ይንቆረቆራል።

«እማ፣ ይሄ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እግርሽ ደህና ነው። ሐኪሙ ነግሮሻል!» ጮህኩባት፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት። ያነበብኩትን ሁሉ፣ ስለ አእምሮና ስለ ፍርሃት የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩላት።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አለች፣ ከለቅሶዋ መሀል ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

በብብቷ ገብቼ ላነሳት ሞከርኩ። አልተነሳችም። ነጂው ወርዶ በሌላው በኩል ያዛት። እናቴ እኮ የአንድ ኩንታል ጤፍ ግማሽ እንኳ አትመዝንም። ሁለት ሰው ሆነን፣ ሙሉ ጉልበት፣ እናቴን ከመሬት የጣት ያህል ማንሳት አቃተን። ነጂው እጁን ሰብስቦ «አዑዙቢላህ» አለና ወደ ኋላ ሸሸ። እናቴ አልታገለችም፤ «ቀስ፣ ቀስ፣ ታሳምሙኛላችሁ» ብቻ ትላለች። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። «አንቺ ሂጂልኝ። ጀናዛዋ ሳይወጣ ድረሺ» አለችኝ።

ሄድኩ። እናቴን የሚያስቀምጡበት ቦታ፣ ከሬሳው ራስጌ፣ ባዶ ነበር፤ እዚያ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ «እናትሽስ?» አሉኝ። «አሟት ነው» አልኩ። አንዷ ዘመዳችን «ምን ያለ ሕመም ነው ለእህት የማያደርስ» ብላ ፊቷን አዞረች። ዛሬም ድረስ እናቴን የሚያነጋግሯት ሁሉም አይደሉም።

አሥር ሰዓት አካባቢ ስመለስ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጎረቤቶች ከበዋታል፤ ምንጣፍ አውጥተውላታል። ለቅሶዋን እዚያ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዋለች።

«ቀበራችኋት?»

«ቀበርናት።»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጆሮዋ ሥር «እማማን ቦሩ ሜዳ ሄጄ አመጣቸዋለሁ። ያዙሩት። ለኔ ይመልሱት» አልኳት። «ትምህርቱ ይቅርብኝ። ደሴም እማራለሁ። ወላሂ ይቅርብኝ፣ እማ።»

እጄን ያዘችው፤ አጥብቃ፣ ጣቶቼ እስኪያሙኝ።

«እንዳታደርጊው» አለች። «ትምህርት መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ሰኞ።»

«እንግዲያው እሁድ ትሄጃለሽ።»

እሁድ ሄድኩ።